ሁለት ሰው፣ ቤዝ የለም፦ ዋይት ስትራይፕስ እንዴት ሠሩት? ለእኛስ የቱ ይጠቅማል?

ሰናይት_6ክር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዋይት ስትራይፕስ፣ ማለትም ስለ ጃክ ዋይት (ጊታርና ድምፅ) እና ሜግ ዋይት (ድራም) የዲትሮይት ሮክ ባንድ፣ ጠለቅ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነው። የእኛም ባንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ጊታርና ድምፅ እኔ፣ ድራም የአክስቴ ልጅ። ቤዝ ተጫዋች አጥተን ሳይሆን አውቀን ያደረግነው ስለሆነ እባካችሁ «ቤዝ ጨምሩ» እንዳትሉኝ።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ እነሱ ሲጫወቱ የጎደለ ነገር አይሰማም። እኛ ስንጫወት ግን ጊታሩ ከላይ ይጮኻል፣ ድራሙ ከታች ይደበድባል፣ መሀሉ ባዶ ነው። ጉዳዩ የዕቃ ነው ወይስ የአጨዋወት? ሁለተኛ፣ ከዲትሮይት መጠጥ ቤት ተነስተው ትልልቁ መድረክ ላይ እስኪደርሱ የሄዱበትን መንገድ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ቀረጻና ውል ላይ ምን እንዳደረጉ። ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ አንድ የድሮ ፌንደር አምፕ ሊመጣልኝ ነው። አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ምን ላድርገው?

በእጃችን ያለው፦ ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር የ40 ዋት አምፕ፣ ቢግ መፍ ፔዳል (ድምፁን የሚያሻክር፣ ፈዝ የሚባለው ዓይነት)፣ ዲጂቴክ ዋሚ 4 (ኖታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ፔዳል)።

ቅኝት_ፈላጊ

ሰናይት፣ በመጀመሪያው ልጀምር። ካለሽ ዕቃ ብዙ የሚጎድል የለም፤ ችግሩ አጨዋወቱና የዕቃው አቀማመጥ ላይ ነው።

«ሰቨን ኔሽን አርሚ»ን እንመልከት። ብዙ ሰው መግቢያው ቤዝ ጊታር ይመስለዋል። ጃክ ዋይት የተጫወተው ግን በ1950ዎቹ በተሠራ ኬይ ጊታር፣ ዋሚውን አንድ ኦክታቭ (ኸርዙ ግማሽ እስኪሆን) ወደ ታች አድርጎ ነው። አሁን ጣቶቹ የት እንዳሉ እይ። ሪፉ (ተደጋጋሚው አጭር ዜማ) ኤ ክር ላይ ነው ያለው፦ 7ኛ ፍሬት፣ ደግሞ 7ኛ፣ 10ኛ፣ 7ኛ፣ 5ኛ፣ 3ኛ፣ በመጨረሻ 2ኛ። 7ኛው ፍሬት ላይ የሚገኘው ኢ 165 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ኦክታቭ ሲወርድ 82 ይሆናል። የመጨረሻው ቢ ደግሞ ከ123 ወደ 62 ይወርዳል። የጊታር ስፒከር ከ80 ኸርዝ በታች ቶሎ ነው የሚዳከመው። ቢው ቢዳከም እንኳ ሃርሞኒኩ (ከኖታው በላይ አብሮት የሚሰማው ድምፅ) 123 ላይ ስለሚቀር የጎደለውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ወፍራሙን ኢ ክር ባዶውን መትተሽ ኦክታቭ ብታወርጂው ግን 41 ኸርዝ ላይ ነው የምትገቢው። ያንን የአንቺ 12 ኢንች ስፒከር አያወጣውም፤ ኮኑ ይርገበገባል፣ ከላይ ያለውንም ድምፅ ያበላሸዋል። ስለዚህ ኦክታቭ የሚወርድበትን ሪፍ ከኤ ክር 2ኛ ፍሬት ወዲህ አታውርጂው።

ቀጥሎ የፔዳል ቅደም ተከተል። ከጊታሩ በቀጥታ ወደ ዋሚ፣ ከዋሚ ወደ መፍ፣ ከመፍ ወደ አምፕ። ዋሚ 4 ንጹሕ የሆነ አንድ ኖታ ሲገባለት ነው በትክክል የሚከተለው። መፉን ካስቀደምሽ ወይም ኮርድ (ብዙ ኖታ በአንዴ) ከመታሽበት ይንቀጠቀጣል፣ ይንተባተባል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ኦክታቭ ሲበራ አንድ ኖታ ብቻ፤ ኮርድ ሲመጣ ኦክታቭ ይጥፋ። ዘፈኑም የተሠራው በዚሁ ነው። ስንኙ ላይ ቀጭንና ዝቅ ያለ አንድ ኖታ ይሄዳል፤ ከዚያ ኦክታቩ ይለቀቅና ያው ሪፍ በፈዝና በስላይድ (ጣት ላይ ተጠልቆ ክሩ ላይ በሚንሸራተት ቱቦ) ሰፍቶ ይመጣል። ሰፊ የሚመስለው ከፊቱ ጠባብ ስለነበረ ነው። መጀመሪያውኑ ሁሉን ከፍታችሁ ከጀመራችሁ የምትሄዱበት ቦታ አይኖራችሁም።

«መሀሉ ባዶ ነው» ያልሽው ደግሞ እኔ እንደምገምተው ከመፉ የመጣ ነው። የመፍ የቶን ሰርኪዩት 1 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን መካከለኛ ድምፅ ይቆርጣል። ቤዝ ያለበት ባንድ ውስጥ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል፤ እናንተ ጋ ግን የሚይዘው የለም። ሰስቴይኑን ግማሽ ላይ አድርጊው፣ ቶኑን ከግማሽ ትንሽ ዝቅ፣ አምፑ ላይ ሚድሉን 7 ድረስ ከፍ፣ ቤዙን 4 ላይ ተዪው። ፈዝ በበዛ ቁጥር ድምፁ ይተለቃል የሚመስለው ብቻሽን ስትለማመጂ ነው፤ ድራም ሲገባ የተጨመቀው ድምፅ ከሲምባሉ ሥር ይቀበራል።

ሌላው ቅኝቱ ነው። ጃክ በስላይድ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ኦፕን ኤ (ክሮቹ ሳይጫኑ ኤ ኮርድ የሚሰጥ ቅኝት) ይጠቀማል፦ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ። ለዚህ ዲ፣ ጂ እና ቢ ክሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰሚቶን ይወጠራሉ። ክር በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ይህ ኪሳራ ነው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው ጂ ክር ነው፣ የጊታሩ አንገትም ይጎብጣል። ኦፕን ጂ አድርጊና፦ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ 2ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ሰኪ። ያው ኦፕን ኤ ነው የሚሆነው፤ ክሮቹ ግን የላሉ ናቸው። ለስላይድ ከ11 (ቀጭኑ ክር 0.011 ኢንች ከሆነው) የቀጠነ ክር አይሆንም፣ ፍሬቱን ይነካል።

ከበሮ_ቤት

ቅኝት ስለ ጊታሩ በደንብ ብሏል። እኔ ስለ ሜግ ዋይት ልናገር፤ ምክንያቱም የባንዱ ግማሽ ናት፣ ሰውም ሲያወራ አሳንሶ ነው የሚያልፋት።

የ«ሰቨን ኔሽን አርሚ» ሪፍ ሲገባ የምትመታው ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ነው፤ በደቂቃ 124 ገደማ፣ አራት እኩል ምት፣ ምንም ጌጥ የለውም። ኪኩ በእያንዳንዱ ምት ላይ ስለሚያርፍ የወረደው ጊታርና ኪኩ አንድ ላይ ሆነው እንደ አንድ መሣሪያ ይሰማሉ። ቤዙ የተሠራው እዚያ መገናኛ ላይ ነው። ድራመሩ ኪኩን በትኖ ቢጫወተው ወይም ሙሌት ቢያበዛበት ይህ ነገር ወዲያው ይፈርሳል። ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ኪኩን የጊታሩ ሪፍ ኖታ ላይ ያሳርፍ፤ ሃይሃት የሚመታበትን ስምንተኛ ኖታ ወደ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ ወደሚቆመው ድራም) ያውርደው። ኮርዱ ሲሰፋ ከቶም ወደ ክራሽ ሲምባል ይውጣ። ያ ብቻውን የአንድ ተጨማሪ ሰው ያህል ለውጥ ያመጣል።

የኪክ አስተካከል፦ 22 ኢንች ከሆነ የመምቻውን ቆዳ ሽብሽቡ እስኪጠፋ ብቻ ወጥሩና ከዚያ ሩብ ዙር ጨምሩ። ውስጡን በብርድ ልብስ አትጠቅጥቁት፤ አንድ ትንሽ ትራስ የመምቻውን ቆዳ ብቻ ነክቶ ይቀመጥ። በትራስ የታፈነ ኪክ «ጠቅ» ይላል እንጂ አየር አይገፋም፤ እናንተ ደግሞ የታችኛውን ድምፅ የምታገኙት ከእሱ ነው። የፊተኛው ቆዳ ቀዳዳ ከሌለው ይበልጥ ይጮኻል። ማይክ ማስገቢያ ካስፈለገ 4 ኢንች ይበቃል፣ ከመሀል ራቅ ብሎ።

ስናሩን ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት። በሦስት ሰው ባንድ ከፍ ያለ ስናር ያምራል፤ በሁለት ሰው ግን ከጊታሩ የላይኛው ድምፅ ጋር ይጋጫል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የመድረክ አቀማመጥ። ድራሙን ከኋላ አታድርጉት። ሜግ ከመድረኩ ጎን ሆና ፊቷን ወደ ጃክ አዙራ ነበር የምትጫወተው፤ የዘፈን ዝርዝር ጽፈው መድረክ ላይ አይወጡም ነበር። የሚቀጥለውን ዘፈን እሱ በጊታር ይጠራዋል፣ እሷ ትይዘዋለች። ማሲንቆ ይዞ እንግዳውን እያየ ግጥሙን እንደሚቀይር አዝማሪ ማለት ነው። ያለ ዓይን ለዓይን ይህ አይሆንም፤ በሁለት ሰው ባንድ አንዱ ቆም ሲል ሌላው ካላየው ጸጥታው እንደ ስህተት ይሰማል።

ሸክላ_ሰብሳቢ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰድ። ዓመቶቹም ወራቱም፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጃክና ሜግ በ1996 ተጋብተው በ1997 በአሜሪካ በጋ (በእኛ ክረምት) ባንዱን ጀመሩ። ጃክ ከዚያ በፊት ጉበር ኤንድ ዘ ፒስ በሚባል የዲትሮይት ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር፤ መተዳደሪያው ሶፋና ወንበር ማልበስ ነበር። የመጀመሪያ መድረካቸው ጎልድ ዶላር የተባለ ትንሽ የዲትሮይት መጠጥ ቤት ነው። በ1998 ኢታሊ ሬከርድስ በተባለ የሰፈር ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) ሁለት ባለ 7 ኢንች ሸክላ አወጡ። በ1999 የመጀመሪያው አልበም በካሊፎርኒያው ሲምፓቲ ፎር ዘ ሬከርድ ኢንዱስትሪ ወጣ። ሁለተኛውን በ2000 ቤታቸው ውስጥ ባለ 8 ትራክ ቴፕ ላይ ቀረጹት፤ በዚያው ዓመት ተፋቱ፣ ባንዱ ግን ቀጠለ። ሦስተኛውን «ዋይት ብለድ ሴልስ»ን በ2001 ሜምፊስ ሄደው ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጨረሱት።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ትልቅ ኩባንያ ሳይነካቸው ሦስት አልበም በሦስት ዓመት አውጥተዋል። በ2001 የእንግሊዝ ጋዜጦችና የቢቢሲ ሬዲዮው አቅራቢ ጆን ፒል ሲያገኟቸው የሚሸጥ ሥራ፣ የለመደ መድረክና ከሩቅ የሚታወቅ መልክ በእጃቸው ነበር። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ ከሦስቱ ቀለሞች ውጭ ምንም የለም። ይህ ርካሽና ብልህ ውሳኔ ነበር፤ የማስታወቂያ ገንዘብ የሌለው ባንድ በአንድ ፎቶ እንዲታወቅ ያደርጋል። ከዚያ በ2002 ቪ2 የተባለ ሌብል ሦስተኛውን አልበም እንደገና አወጣው፤ በሌጎ የተሠራውም ቪዲዮ የዚያን ጊዜ ነው።

አራተኛው አልበም «ኤለፋንት» ሚያዝያ 2003 ወጣ። የተቀረጸው ግን ከአንድ ዓመት በፊት ለንደን፣ ቶ ራግ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ባለ 8 ትራክ ቴፕ ላይ፣ አብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ኮምፒውተር አልነካውም። በ2004 ሁለት ግራሚ አገኙ፦ ምርጥ የአልተርኔቲቭ አልበም፣ እና ለ«ሰቨን ኔሽን አርሚ» ምርጥ የሮክ ዘፈን። ሪፉን በጥቅምት 2003 ሚላን ውስጥ የቤልጂየሙ እግር ኳስ ቡድን የክለብ ብሩጅ ደጋፊዎች ዘመሩት፤ በ2006 የዓለም ዋንጫ ጣሊያኖች ወሰዱት። ዛሬ ስታዲየም የሚዘምረው ሰው ባንዱን ላያውቀው ይችላል።

አሁን የሁለት ሰው ባንድ አደጋው። በሐምሌ 2003 ጃክ በመኪና አደጋ የግራ እጁ ሌባ ጣት ተሰበረ፤ የዚያ ወቅት መድረኮች ተሰረዙ። በ2007 በካናዳ ሁሉንም ግዛቶች ዞረው ሲጫወቱ ከቆዩ በኋላ መስከረም ላይ ሜግ በከባድ የጭንቀት ሕመም ምክንያት መቀጠል አልቻለችም፤ የቀረው ጉዞ ቀረ። በሌላ ባንድ ምትክ ድራመር ይፈለጋል። እነሱ ጋ ምትክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባንዱ ራሱ የሁለቱ ግንኙነት ነበረ። ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተጫወቱት የካቲት 2009 በኮናን ኦብራየን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ነው፤ የካቲት 2 ቀን 2011 መለያየታቸውን አስታወቁ። በ2025 ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ገብተዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው፦ መድረክ ስትይዙ በተከታታይ ከሦስት ሌሊት በላይ አትዋዋሉ፣ ውሉ ላይ ደግሞ ከሁለት አንዱ ቢታመም ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍ።

ስለ ውል ከጠየቅሽ፣ የመጀመሪያው አልበም የተቀረጸበት ስቱዲዮ ባለቤት ከዓመታት በኋላ «አብሬ ፕሮዲውስ አድርጌያለሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ አልበሞች ድርሻ ይገባኛል» ብሎ ከሰሳቸው። በ2006 የዲትሮይት ዳኞች ለባንዱ ፈረዱ። ቢያሸንፉም የጠበቃና የፍርድ ቤት ጣጣ ነው። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋዋል፦ ቀራጩ ማን ነው፣ ክፍያው በአንድ ጊዜ ያልቃል ወይስ ድርሻ አለው፣ የማስተሩ (የዋናው ቅጂ) ባለቤት ማን ነው፣ ቀንና ፊርማ። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) ለከዋኙ አንድ መብት፣ ለድምፅ ቀረጻው ፕሮዲውሰር ሌላ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ስቱዲዮው «ፕሮዲውሰር» ብሎ ስሙን ሽፋኑ ላይ ከመጻፉ በፊት ያ ቃል ምን እንደሚያስከትል ተነጋገሩ። በእናንተ በሁለታችሁም መካከል ጻፉ። ዘመድ ስለሆናችሁ አያስፈልግም እንዳትሉ፤ እነሱም ባልና ሚስት ነበሩ።

ጋሽ_ቮልት

ልጄ ሰናይት፣ አምፑን ሶኬት ላይ ከመሰካትሽ በፊት ይህን አንብቢ።

የአሜሪካ አምፕ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካሽው ፊውዙ ቢተርፍሽ እንኳ የኃይል ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ እሱን ማስጠቅለል የአምፑን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። ከአምፑ ጀርባ ስንት ዋት እንደሚወስድ ተጽፏል፤ ያንን በሁለት አባዢው። ትዊን ሪቨርብ የሚባለው ትልቁ ፌንደር ከሆነ 500 ዋት የተጻፈበት ርካሹን አትግዢ፣ 1000ውን ውሰጂ፤ ገበያ ላይ ብዙዎቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይሸከሙም። ለጸጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ትንንሾቹ የኤሌክትሮኒክ መቀየሪያዎች ለአምፕ ፈጽሞ አይሆኑም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የአምፑ ትራንስፎርመር ከለመደው በላይ ይሞቃል። ከግድግዳ አርቂው፣ በየሰዓቱ በእጅሽ ዳሰሽ እይው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፊው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራ ከሆነ ገመዱ ባለ ሁለት እግር ሊሆን ይችላል። በእነዚያ አምፖች ውስጥ ከመስመሩ ወደ ብረት አካሉ የተያያዘ አንድ ካፓሲተር አለ። እሱ ሲበላሽ የጊታርሽ ክር በቀጥታ መብራት ይይዛል፤ ከንፈርሽ ማይክሮፎኑን ሲነካ በሰውነትሽ ያልፋል። ባለሙያ ያንን ካፓሲተር ያውጣና ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ያለው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይግጠምልሽ። ራስሽ አትክፈቺው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል። ትራንስፎርመሩም ኧርዙን የሚያስተላልፍ መሆኑን በሜትር ይፈትሽልሽ፤ ብዙዎቹ ሦስት ቀዳዳ ኖሯቸው ሦስተኛው ባዶ ነው።

ሰናይት_6ክር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሕይወት ነው ያዳኑት። ሸክላ፣ ወረቀቱን ነገ እንጽፋለን።

ቅኝት፣ ሁለት ነገር ቀረኝ። አምፑ ሲመጣ ሁለት አምፕ ይኖረኛል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብጠቀምስ? ደግሞ ቀረጻውን ቤት ውስጥ ብናደርገው፣ አራት ማይክና ባለ 8 ግብዓት ኢንተርፌስ አለን፣ ይበቃል?

ቅኝት_ፈላጊ

ይበቃል። ብላክ ኪስ የተባሉት፣ እነሱም የሁለት ሰው ባንድ፣ ሁለተኛ አልበማቸውን በ2003 ያወጡት በድራመሩ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ባለ 8 ትራክ ታስካም 388 ላይ፣ በ14 ሰዓት ቀርጸው ነው።

ሁለቱን አምፕ በኤቢዋይ ሳጥን (የጊታሩን ድምፅ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሁለቱም አምፕ የሚልክ ማብሪያ) ክፈያቸው፣ አንዱ ሁልጊዜ ይብራ፣ ሌላው ሲሰፋ ብቻ ይግባ። ሁለት ችግር ይገጥምሻል። አንደኛው እምምም የሚል ድምፅ ነው፤ ሁለቱ አምፖች በየራሳቸው መንገድ ኧርዝ ሲያደርጉ ይመጣል። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር አስነሺ፤ የድሮው በትራንስፎርመሩ በኩል ይሁን። ካልጠፋ፣ በአንዱ መውጫ ላይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ያለው ኤቢዋይ ያስፈልጋል። ኧርዙን እግር ቆርጠሽ እንዳታጠፊው፤ ጋሼ ያሉትን አስቢ። ሁለተኛው የስፒከሮቹ ፌዝ (phase፤ ከፔዳሉ ፈዝ የተለየ) ነው፦ ሁለቱ አምፖች አብረው ሲበሩ የታችኛው ድምፅ ከቀነሰ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው እየሳበ ነው ማለት ነው። ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ፣ አምፑ ጠፍቶ።

ለቀረጻው ከአራቱ ማይክ አንዱን ኪክ ላይ፣ አንዱን ስናር ላይ፣ አንዱን ከድራመሩ ራስ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጊ፤ አራተኛው ለጊታር አምፕ፣ ከኮኑ መሀል ወደ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ገፋ ብሎ። ድምፅሽን በኋላ ለብቻው። ከመጀመራችሁ በፊት የኪኩንና የላይኛውን ማይክ አብራችሁ ክፈቱና የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጡ፤ ኪኩ የሚወፍርበትን አቅጣጫ ምረጡ። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ኢኪው ላይ ቤዝ እየጨመረ ይደክማል፣ አይመለስም። ጊታሩንና ድራሙን አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ቅረጹ፤ የጊታሩ ድምፅ ወደ ድራሙ ማይክ መግባቱ ክፍሉን ይሞላል እንጂ አይጎዳም፣ አምፑ ፊቱን ወደ ስናሩ ካላዞረ በስተቀር። በሜትሮኖም አትቅረጹ፤ ኮርዱ ሲሰፋ ትንሽ ብትፈጥኑ ዘፈኑ ይፈልገዋል።

አንድ ልረሳው የነበረ ነገር፦ ዋሚ 4 የሚሠራው በ9 ቮልት ኤሲ አስማሚ ነው። የመፉን የዲሲ አስማሚ ብትሰኪበት አይነሳም፣ ሰው ፔዳሉ ሞተ ብሎ የሚሸጠው በዚህ ነው። አስማሚው ላይ «ኤሲ» ተብሎ የተጻፈው መግቢያው ሳይሆን መውጫው ላይ መሆኑን እይ፤ ዋናው አስማሚ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ እሱም 120 ነው፣ ከትራንስፎርመሩ ላይ ይሰካ።